የእንጨት ነጋዴው ደብተር

ሥራዬ እንጨት ነው። የሌንጋን ግንድ ፈልጬ
ኮያይኬን ስዞር ደጅ ለደጅ ሸጬ
ሃያ ሁለት ክረምት በጭስ ነው የኖርኩት፤
ለከተማው ሁሉ ጭሱን ያከፋፈልኩት።

በሐምሌ ከኮረብታው ቁልቁል ላየው ሰው
ግራጫ ብርድ ልብስ ነው ከተማው የለበሰው፤
ከሥሩ ልጆች ይስላሉ።
ያስናን ሌሊት ሌሊት በግድግዳው እሰማታለሁ።
ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሳል ያሳልፋል፣
የገዛ ሙቀታችንን ለሰማይ ያድላል።

ኔሊዳ አንድ ማታ
ባለካሬ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ጣለች።
«ቤት እንሠራለን» አለች።
«በምን?»
«በእርሳስ። መጀመሪያ በእርሳስ።
ላጲስ የሚያፈርሰው ግድግዳ ርካሽ ነው፣ ሲሚንቶ ሳይፈስ።»

ከላይ ያለንን ጻፈች፦ ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ፔሶ፤
የእናቷ መሬት ሽያጭ፣ የመንግሥት ድጎማ፣
የእኔ የመኪና ብድር ተቀንሶ።
ከሥሩ የሚያስፈልገውን፦ መሠረት፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣
ባለሁለት መስታወት መስኮት፣
በግድግዳው ሆድ የሚጠቀጠቅ የበግ ሱፍ ስንት ኬሻ፣
ነፋስ የማያስገባ በር…
አርባ ሦስት ሆነ ድምር።

ደብተሩን ዘጋሁት። «ላም አለኝ በሰማይ!»
መልሳ ከፈተችው።
«የተቆጠረ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ያልተቆጠረው ነው።
ይህ ቤታችን በክረምት ስንት ሜትር እንጨት ይበላል?»

ዝም አልኩ።
ለሰው ሁሉ ስለካ ለራሴ ለክቼ አላውቅም፤
እንጨት ሻጭ የገዛ ምድጃውን አይቆጥርም።
ቆጠርነው። ሃያ ስድስት ሜትር።
በዋጋው አባዝታ፣ በአሥር ክረምት አባዝታ
እርሳሱን አስቀመጠች።
ያ አሥራ ሁለት ሚሊዮን፣ ያ ሁሉ የጎደለን፣
በጭስ ማውጫው ወጥቷል፤ ማንም አልሰረቀን።

ከዚያ ላጲሱ ሥራ ጀመረ።
በረንዳው ሄደ። ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ሄደ።
ሳሎኑ አንድ ሜትር ተኩል ጠበበ፤
ግድግዳው ብቻ በስንዝር ወፈረ።
«እሱን አትንካ» አለች፤ «መጋረጃ ነገም ይገዛል፤
ግድግዳ ከተዘጋ በኋላ ግን ሱፍ የት ይገባል?»

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግኩት፤
ከወለል እስከ ጣራ፣ ተራራውን የሚያሳይ መስኮት።
ተራራው በደቡብ ነው።
በዚህ አገር ግን ፀሐይ የምትሄደው በሰሜን፤
ደቡብ የብርድ በር ነው።
ሦስት ማታ ተጣላን።
ሦስት ማታ እርሳሱ ጆሮዬ ላይ አደረ።

በአራተኛው ያስና ከመኝታዋ ተነሥታ መጣች፤
በሩ ላይ ቆማ ሳለች።
ከዚያ እርሳሱን ከጆሮዬ ወስዳ
ሌላውን ዓይነት ሳለች፦
ትልቁን መስኮት ለፀሐይ፣ ወደ ሰሜን፤
ለተራራው የዳቦ ትሪ የምታህል አንዲት ካሬ።
«ጠጋ ብለህ እየው፣ አባዬ። ተራራው የትም አይሄድ።»

ሠላሳ ሁለት ተኩል። ገና ይጎድላል፤
ጣውላውን ራሴ እሰነጥቃለሁ፣ መጋዝ መች ጠፍቶኝ?

ዛሬ የደንበኞቼን መዝገብ ገለጥኩ።
በመጨረሻው ገጽ ያን ማታ የጨመርኩት አንድ ስም አለ፦
ኤላዲዮ፣ ሃያ ስድስት ሜትር።
ሰርዤ አራት ጻፍኩ።
ብቻዬን ስስቅ ሴኞራ ኦርቴንሲያ ደረሰችብኝ፤
አሥራ ስምንት ሜትር የምትወስድ፣ ዱቤ የማታውቅ፣
ከደንበኞቼ ሁሉ የላቀች።
«ምን ያስቅሃል?» አለች።
ነገርኳት።

እንጨቷን እስካወርድ ዝም ብላ ጭስ ማውጫዋን ስታይ ቆየችና
«ደብተሩን ታውሰኛለህ?» አለችኝ።

ገንዘቤን ቆጠርኩ። መዝገቤን አየሁ።
ደብተሩን ከወንበሩ ሥር አወጣሁ።